ዙምባራ በብሩጅ

ረቡዕ

አንዴ ነፉና ተቀመጡ። በቃ። ሼኽ ኢድሪስ ያን ሁሉ በረሃና ባሕር አቋርጠው እስከ ፈረንጅ አገር ያመጡትን ዙምባራ ከከረጢት አወጡ፣ በጨርቅ ወለወሉ፣ «ቡ—» አደረጉና ተቀመጡ። የሙሴ ቪክቶር ቤተ ሰብ ማንኪያውን እንደያዘ ቀሪውን ይጠብቃል። ቀሪ የለም። ቀሪው አሶሳ ነው!

እንዴት አድርጌ ላስረዳ? በበርታዎች ዘንድ ይህ መለከት ከቅል ይሠራል። አንዱ ቅል አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ አንድ ሰው አንዱን ይነፋል፣ ተራው እስኪመለስ ዝም ይላል፤ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ነው። ሼኹ ሁሉንም ይዘው ቢመጡ አገሩ ያለ ጨዋታ ሊቀር ነው። የራሳቸውን ብቻ ይዘው መጡ። የቤቱ እመቤት ማዳም በትሕትና አጨበጨቡ። የሙሽራይቱ አጎት፣ ሆዱ ከፊቱ የሚሄድ ሰውዬ፣ በፈረንሳይኛ «ይኸው ነው?» አለ። አልተረጎምኩም። ሼኹ ግን ፊት ማንበብ ያውቃሉ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሙሴ ቪክቶር ወርቅ ሊገዙ መጥተው ባምባሲ ላይ በንዳድ ሊሞቱ ሲሉ፣ ሼኹ ናቸው በቀርከሃ ቃሬዛ አሸክመው ቤታቸው ያስታመሟቸው። ሲድኑ ሼኹ ሽማግሌ ፊት «ሴት ልጅህ ስትዳር ዙምባራ ይነፋል» ብለው ቃል ሰጡ። ልጅቱ ማሪ ቅዳሜ ትዳራለች። ለዚህ ነው ሁለታችንን እስከዚህ ያስጠሩን፣ እሳቸውን ለቃላቸው፣ እኔን የሽናሻውን ልጅ ለአስተርጓሚነት።

ሼኹ ራት አልበሉም። እኔ ጾም ላይ ስለሆንኩ የተጠበሰ ድንች ብቻ በላሁ። ብዙ ድንች።

ሐሙስ

ከተማው ደስ ይላል፣ ደስ ይላል! ወንዙ በየቤቱ ደጃፍ ያልፋል፤ ሰው ጎረቤቱን በጀልባ ይጠይቃል። ያየሁት፦ አንገቱ የማያልቅ ነጭ የውኃ ወፍ። ፀሐይ እየሞቁ ዳንቴል የሚሠሩ አሮጊቶች፣ ጣታቸው ለዓይን አይያዝም። በውሻ የሚጎተት የወተት ጋሪ! ሼኹ ከውሻው ራቅ ብለው አዘኑለት።

ገበያው መካከል ትልቅ የደወል ግንብ ቆሟል። ደወሎቹ መዝፈን ሲጀምሩ ሼኹ ደርቀው ቀሩ። ትልቁ ይናገራል፣ ትንሹ ይመልሳል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

«ያ ተሰማ!» ብለው ስሜን ጠሩ፣ «ወላሂ እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ! ለቅዳሜ እለምናቸዋለሁ።»

በየደወሉ ሥር አንዳንድ ሰው የቆመ መስሏቸዋል። እኔስ ብሆን ምን አውቄ? ለሰዎቹ ስንቅ ብለው ዳቦ በእቅፋቸው ሙሉ ገዙ። ደረጃው እየተጠመዘዘ ይወጣል፤ ወገቤ አለቀ፣ ሼኹ ግን እንደ ጎረምሳ ወጡት።

ላይ ያለው አንድ ሰው ነው። ሸሚዙን አውልቆ፣ በላብ ተነክሮ፣ የእንጨት እጀታዎችን በቡጢ ይደበድባል፤ ሽቦው ደወሎቹን ይስባል። ሼኹ ከበሩ ጀርባ ሌሎቹን ፈለጉ። የሉም። ዳቦውን በሙሉ ለእሱ ሰጥተው ትከሻውን ያዙት፣ «ሚስኪን! ጓደኞቹ የት ሄዱ? ጠይቀው» አሉኝ። ጠየቅሁት። ሰውየው፣ ስሙ ያን ነው፣ እንባው እስኪወጣ ሳቀ። ሁልጊዜም ብቻዬን ነኝ አለ። ዳቦውን ግን በላ።

«ቃሌን በልቼ አሶሳ በየት በኩል እገባለሁ?» አሉኝ ሼኹ ማታ። ዛሬም ራት የለም።

ዓርብ

ጉድ! ድንቹ የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ኖሯል። ወጥ ቤቷ ሶፊ የነገረችኝ ዛሬ ነው፣ እሱም ከበላሁ በኋላ። የረቡዑም ያው። ለንስሐ አባቴ ምን እላለሁ? ሳይታወቅ የተበላ አይቆጠርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ደግሞም አልቀየምኳትም፤ መፍትሔው የመጣው ከእሷ ነው። ጓሮ ለጠማቂው የሚመለስ ባዶ የቢራ ጠርሙስ ተደርድሯል። ሶፊ አቧራውን ልታራግፍ በአንዱ አፍ ላይ እፍ አለች። «ሁ—» አለ። ሼኹ ሰግደው ጨርሰው ምንጣፋቸውን ሲያጥፉ ነበር፤ ምንጣፉን ጥለው ሮጡ። ውኃ ጨመሩበት፣ ድምፁ ቀጠነ። ደፉት፣ ወፈረ። እንደ ሕፃን ዘለሉ!

«የቢራ ዕቃ ነው እኮ፣ ሀራም አይሆንብዎትም?» ብዬ ነገር ፈለግኋቸው።

«አጠብኩት። አንተ ድንችህን ብላ።»



ጠርሙሱ ታደለ። ሶፊ፣ አትክልተኛው፣ ማዳም፣ ሙሴ ቪክቶር፣ የማሪ እኅቶች፣ አጎትየውም በግድ። ደወል መቺውን ከግንቡ ጠርቼ አመጣሁ። ከዚያ የሆነውን አትጠይቁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነፋል። ከሁሉም የባሰው ደወል መቺው ያን ነው፤ ብቻውን መምታት ስለለመደ የራሱን ነፍቶ ወደ ጎረቤቱ ጠርሙስ ይንጠራራል። ሼኹ በዱላቸው ትከሻ ትከሻውን እየነኩ ሲያሯሩጧቸው ዋሉ። «መንፋት ሁሉ ያውቃል» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ዝም ማለት ነው የማያውቁት።»

ሲመሽ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ዜማው እስከ መጨረሻው ሄደ። ሁላችንም ተያየን። ነገ ይሳካ ይሆን? እኔ ከሙሽራይቱ በላይ ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ

ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው!

ማሪ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነፊዎቹ ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው ጠበቋት። ሼኹ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መካከል ቆሙ፣ ዙምባራቸውን ነፉ፣ ጠርሙሶቹ ተቀበሉ። ክቡ መዞር ጀመረ። እንግዳው ሁሉ አፉን ከፈተ።

ሁለተኛው ዙር ላይ አንዱ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወፈረ መጣ። አጎትየው ነው! ውኃውን ደፍቶ ቢራ ሞልቶበታል፤ ተራው እስኪደርስ ይጎነጫል። ድምፁን ጠጥቶ ጨረሰው። ዜማው ማንከስ ጀመረ። ሼኹ ዱላቸውን እንዳነሡ ቀሩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ያኔ ማሪ ዓይነ ርግቧን ወደ ኋላ ጣለችና የአጎቷን ጠርሙስ ቀማችው። ሼኹ ደነገጡ። «በኛ አገር ለሙሽራ ይነፋለታል እንጂ ሙሽራ አይነፋም» አሉኝ። ልተርጉም? አባቷን አዩ፣ እሷን አዩ። እሷ ጠርሙሱን ዘርግታ ትጠብቃለች። ሼኹ ተቀበሏት፣ ሦስት ጊዜ አጠቡት፣ ውኃውን ለክተው ሞሉና መለሱላት። ገባች። ተራዋን ጠበቀች፣ ነፋች፣ ዝም አለች። ዜማው ሞላ!

ከዚያማ ያልጨፈረ የለም። ሙሴ ቪክቶር ሼኹን አቅፈው አለቀሱ፣ ቃልህ ደረሰ አሏቸው። ደወል መቺው ያን ደግሞ በጆሮዬ፣ ከሰው ጋር ስጫወት ዛሬ ገና ነው አለኝ። ሼኹ ራት በሉ፤ አስጨምረውም በሉ። ይህን ያየ ዓይኔ ይባረክ።

እሑድ

ባቡር ጣቢያ፣ ጓዛችን ላይ ተቀምጬ።

ልንሳፈር ስንል ሁሉም ጠርሙሳቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ማንም አልጠራቸውም። ማሪም ከባሏ ጋር መጥታለች። ለስንብት ያለ ሼኹ ዱላ ጀመሩ። ደኅና እየሄደ ነበር፤ ደወል መቺው ያን የሶፊን ተራ ቀማ፣ ሁሉም ተበታተነ፣ ሳቅ ሆነ።

ሼኹ አንድ እግራቸው ባቡሩ ላይ ነበር። «ላ! እንዲህ አበላሽተው እያየሁ አልሄድም!» ብለው ወረዱ። ይኸው ክብ አሠርተዋቸዋል፣ ከመጀመሪያው ይዘዋል። የጣቢያው ሹም ሰዓቱን ያሳየኛል። ባቡሩ አፏጨ። ይህ ካመለጠን መርከቡም ያመልጠናል፤ ሄጄ ልጎትታቸው ይገባኛል።

ባዶ እጁን ለቆመው ለማሪ ባልም ጠርሙስ ሰጡት። አሁን ደግሞ ሌላ አንሥተው ወደ እኔ ዘርግተዋል፣ «ና፣ አንተ ትጎድላለህ» ይላሉ። እንግዲህ ባቡሩ እንደ ፍጥርጥሩ።