አማቴን የያዘው ቀለበት

ለተከበሩ የወርቅ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ መስታወት መደርደሪያዎ የጠራ፣ ዓይንዎም እንደ አምፖሎችዎ የበራ ይሁን እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ በዓምዴ ላይ የማወጣው፣ ዘወትር የሚያነቡኝ ወዳጆቼ ጉዴን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙ ብዬ ነው። ጉዴም ይኸው፦ በዚህ ዕድሜዬ፣ በደስታ አቅሌን ስቼ ላገባ ስሰናዳ፣ ባለፈው እሑድ የወደፊት አማቴን አቅፌ ስስም የቀለበቴ ሹል ጫፍ የሱፍ ሻርፓቸው ውስጥ ተሰካ፤ እጮኛዬ መቀስ ፍለጋ ቤቱን ሲያተራምስ እኛ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀን ቀረን። እሳቸውም በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ የምታገቢው እሱን ነው ወይስ እኔን?» አሉኝ።

ለዚህ መቀራረብ ያበቁን እርስዎ ነዎትና፣ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. አሻሻጭዎ አጫጭር ጣቶቼን በሐዘኔታ ተመልክቶ፣ «እትዬ፣ ለእርስዎ የሚሆነው እንደ ጀልባ የተቆረጠ አልማዝ ነው፤ ጣት ያስረዝማል» ስላለኝ አመሰግናለሁ። እውነቱን ነው፣ አስረዝሟል። ጀልባ ሁለት ሹል ጫፍ እንዳላት ግን ሳይነግረኝ ቀረ፤ ከአማቴ ሌላ እስካሁን መጋረጃዬን፣ የገዛ ፀጉሬንና የአንድ የማላውቀውን የታክሲ ተሳፋሪ ሹራብ ይዣለሁ።

፪. ግድግዳዎ ላይ «አልማዝ ከመብራቱ ሥር አይወጣም» ተብሎ በተለጠፈው ደንብ መሠረት፣ ድንጋዩን በሩ ላይ ወስጄ በቀን ብርሃን እንዳላየው ስለከለከሉኝ ውለታዎ አለብኝ። ከእርስዎ አምፖሎች ሥር እንኳን አልማዝ የሸሚዜ ቁልፍም ያብለጨልጫል። ቤቴ መስኮት አጠገብ ሳየው ግን ከድንጋዩ መሐል ጥቁር ቢራቢሮ ክንፉን ዘርግቶ ተቀምጧል! ለካ ረዘም ያለ አልማዝ በደንብ ካልተቆረጠ ብርሃኑ ከመሐሉ ያመልጣል፤ ጥላውም ይቀራል።

፫. «ጣት የገባበት ቀለበት አይለወጥም» ስላሉኝም እንዲሁ። ሠርጌ ቅዳሜ ነው፤ አማቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚሉኝ ከበሩ ማዶ እጃቸውን እያውለበለቡ ነው። እኔ እናቴን በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ነኝ፤ ያቺ እቅፍ ከአልማዝ ትበልጥብኛለች።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ከአማቴ ጋር እንመጣለን፤ ሻርፓቸውንም ይደርባሉ። ያሰብኩት እንቁላል መሳዩን ነው፤ ጣት ያስረዝማል፣ ጫፍ ግን የለውም። ቢሆንም ወሬ ሰምቼ አልገዛም፤ ቢራቢሮ እንዳይኖርበት እያንዳንዱን በሩ ላይ በፀሐይ አየዋለሁ፣ ከዚያም አጥልቄው አማቴን አቅፌ እስማለሁ፤ ሻርፑን የለቀቀው ያሸንፋል። ደንበኞችዎ ግራ ከተጋቡ «የጥራት ምርመራ ነው» ይበሉልኝ። እናንተም ወዳጆቼ፣ የትኛው እንደለቀቀን፣ ወይም ማን ከማን ጋር ተጣብቆ እንደቀረ፣ ከሠርጉ ማግስት አንድም ሳላስቀር አወራችኋለሁ።

ለጣትዎ እርዝማኔን፣ ለደንብዎ እጥረትን ከልብ የምትመኝ፣
ደስታ ያሳበዳት ሙሽራ ደንበኛዎ

ማሳሰቢያ፦ ቀለበቱን አልለውጥም ካሉ ፈጽሞ አልቀየምም፤ እንዲያውም ያንኑ ጀልባ አጥልቄ በአክብሮት አቅፌ እሰናበትዎታለሁ። ሁልጊዜ የሱፍ ኮት እንደሚለብሱ አይቻለሁ። መቀሱ ያለው አማቴ ቦርሳ ውስጥ ነው።