ሁለት ሁለት ዓይን

ቅዳሜ፣ የካቲት 3 ቀን 2004

ብርድ ነው። ሮደልሃይም ጣቢያ ድረስ ሄጄ ዳቦ ገዛሁ፣ ተመለስኩ፣ ልብስ አጠብኩ። ጉልበቴ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ቢሆንም ወደ ኬለር ወረድኩ። ማርያም እዚያ ምድር ቤት ትጠብቀኛለች።

ልብሷ ተሥሎ አልቋል። የታቀፈችው ልጇም አልቋል። መላእክቱ ሰይፋቸውን መዘው ቆመዋል። ፊቷ ብቻ የለም። ዛሬም ሣልኩና ጠረግኩት። ባለፈው ሳምንት የሣልኳት የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ትመስል ነበር። የዛሬዋ ደግሞ እኔን መሰለች... ይባስ!

ለልደታ መድረስ አለባት። የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ሴት ሥዕል ትሣል አትሣል እያለ ሁለት ዓመት ተከራክሮ ነው የፈቀደልኝ። ልጅ ሳለሁ፣ አባባ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥል፣ ትንንሾቹን ፊቶች የምሞላለት እኔ ነበርኩ። ማንም አያውቅም። አሁን አንዴ፣ ከመሞቴ በፊት አንዴ፣ «ይህን የሣለችው ዘርፈሽዋል ናት» ተብሎ ሲሰቀል ማየት እፈልጋለሁ። ትዕቢት ነው? ይሁን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ሺቫካሚ መጣች። ከላዬ ያለችው ጎረቤቴ፣ የስሪላንካዋ፣ ለልጆች የአገሯን ውዝዋዜ የምታስተምረው። በጀርመንኛ ነው የምናወራው። ሁለታችንም ስንሳሳት አራሚ የለንም፣ ደስ ይላል።

የትዕይንቷን የመድረክ መጋረጃ የሚሥልላት ሰውዬ ታሟል። «ፍራው ዘርፊ፣ እርስዎ ፊት ይሥላሉ አይደል?» አለችኝ። ፍራው ወይዘሮ ማለቷ ነው፤ ሙሉ ስሜን ለመጥራት መሞከር ከተወች ቆየች።

የምትፈልገው አምላካቸውን ክሪሽናን ነው። ታሪኩን ነገረችኝ። ጦርነት ሊጀመር ነው። አምላክየው የአንድ ወዳጁን ሠረገላ ይነዳል፣ እንደ ሹፌር። ወዳጁ «እውነተኛ መልክህን አሳየኝ» ብሎ ይለምነዋል። ያሳየዋል። ፊት በፊት ላይ፣ አፍ በአፍ ላይ፣ ፀሐይና ጨረቃ ዓይኖቹ፣ ዓለም በሙሉ ሰውነቱ ውስጥ...

«ከዚያስ?»

«ፈራ። እባክህ ወደማውቀው መልክህ ተመለስ አለው።»

ሳቅኩ። ለምኖ ለምኖ፣ ሲያሳዩት ተንቀጠቀጠ። ወንድ!

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ጉልበቴን ከታመምኩ ወዲህ ዕቃዬን የምትሸከምልኝ እሷ። መስኮት ያለውን የኬለር ክፍሏን ለማርያም የለቀቀችልኝ እሷ። እሺ አልኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ኮሚቴው ቢሰማ? ማርያምን ከእጄ ይነጥቁኛል። እንግዲህ አይሰማማ።

እሑድ፣ የካቲት 11

ቅበላ። ከቅዳሴ በኋላ በኪራዩ አዳራሽ ሥጋ እስኪያንገሸግሸን በላን። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ገናናው ሳህኑን ይዞ መጣ። ከተማሪነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያኔ አብዮት ይመራ ነበር፤ አሁን የወንበር አደራደር ይመራል።

«ዘርፌ፣ ሥራው እንዴት ነው?»

«ቀኑን ሙሉ ፊት ስሥል ነው የምውለው» አልኩት። ውሸት አለበት? የለበትም።

የልጅ ልጁ ሶሊ አጠገቡ ቆማ ጣቶቿን እንደ አበባ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «ከትምህርት ቤት ሌላ ምን ትማሪያለሽ የኔ ቆንጆ?» አልኳት። አፏን ሳትከፍት ገናናው «ጂምናስቲክ!» አለ። እሱን ማን ጠየቀው?

ሐሙስ፣ የካቲት 22

መጋረጃው የኬለሩን ግድግዳ ሸፈነው። ፊቶቹን ከየት አመጣለሁ ብዬ ነበር። ሞልቷል! ዳቦ ሻጯን፣ የጉልበት ሐኪሜን፣ የሞቱ ጓደኞቼን...

ሺቫካሚ ለምሳሌ የሚሆን ሥዕል አመጣችልኝ። ሌላ አምላካቸውንም አሳየችኝ፣ ትንሽ የነሐስ፣ አራት ፊት ያለው። «ይህን ከኋላው ማማት አይቻልም» አልኳት። ሳቋ ሲጥላት የልብስ ማጠቢያው ላይ ተቀመጠች።

ችግሩ ያመጣችልኝ ሥዕል ነው። የመሐሉ ፊት ወደ እኛ ያያል። የግራና የቀኞቹ ግን ወደ ጎን ዞረዋል፣ አንድ አንድ ዓይን ብቻ። እጄ ቆመ። አባባ ጻድቅን በሁለት ዓይን፣ ከሃዲን በአንድ ዓይን ነበር የሚሥለው። ይሁዳ በጎን፣ ሰይጣን በጎን። በእኛ ሥዕል ፊት ለፊት የማያይህ ክፉ ነው፣ አለቀ።

ከዚያ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ... ደስ የሚል ክፉ ሐሳብ። በጎን ብሥላቸው ሺቫካሚ ምንም አትል፤ የሰጠችኝ ሥዕል እንደዚያ ነዋ። ኮሚቴው ከደረሰብኝ ደግሞ «አታዩም እንዴ? በአንድ ዓይን ነው የሣልኳቸው፣ አጋንንት ናቸው» እላለሁ። ማርያምም አትነጠቀኝ። እንዴት ያለ ብልሃት!

ዓርብ፣ የካቲት 23

አልቻልኩም።

ጠዋት ሺቫካሚ ምስር ሠርታ ይዛልኝ መጣች። «የጾም ነው፣ ቅቤ አልነካውም» ብላ ትምላለች። ምስሯን እየበላሁ አምላኳን በገዛ ኬለሯ ላዋርድ? እኔ አላመልከውም። ግን እሷ ትወደዋለች።

ሁሉንም በሁለት ዓይን! ግራውንም፣ ቀኙንም፣ ላዩንም፣ ታቹንም። ማምለጫዬን በገዛ ብሩሼ ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 15

ጉድ ነው። ገናናው ሳይደውል ከች አለ። ማርያምን ልያት ብሎ። መጋረጃውን አልሸፈንኩትም!

ደግነቱ የመሐሉ ክሪሽና መታወቂያው የሆነውን ሰማያዊ ቀለም ገና አልተቀባም፣ ብዙዎቹ ክንዶቹም በእርሳስ ናቸው። የሚታየው ፊት ብቻ ነው። ፊት፣ ፊት፣ ፊት...

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

ምላሴ ቀደመኝ። «ጻድቃን።»

ቀረብ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው። «ሁሉም በሁለት ዓይን...» አለና ባርኔጣውን አወለቀ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ባርኔጣውን! ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይህንንም አዳራሹ ውስጥ እንሰቅለዋለን።»

እሑድ፣ መጋቢት 16

ለሕዝቡ ተናገረው። «እኅታችን ከእመቤታችን ሌላ የጻድቃንን ማኅበር እየሣለችልን ነው።» እሰይ ያለው ሰው ብዛቱ! እኔም እሰይ አልኩ፣ ምን ላድርግ?

ፈርቻለሁ። የማርያም ፊት ዛሬም ባዶ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18

መጋረጃው አለቀ። ሺቫካሚ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች። 

«ሁሉም ያዩኛል» አለች።

የአባባን ሕግ ነገርኳት። «የእኛም መጽሐፍ እኮ ፊቱ በሁሉም አቅጣጫ ነው ይላል» አለችኝ። «ሠዓሊዎቹ ናቸው ቦታ ሲጠባቸው ወደ ጎን ያዞሯቸው።» ከዚያ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ሳላስበው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 20

ትዕይንቱ! አዳራሹ ሞልቷል። መጋረጃዬ በመብራቱ ውስጥ... ሁሉም ዓይን ሰዉን ያያል። ልጆቹ ቃጭል እግራቸው ላይ አስረው ወጡ። ከፊት በቀይ ሐር ለብሳ ማን ብትወጣ ጥሩ ነው? ሶሊ!

ዞርኩ። ገናናው ካሜራውን እንደያዘ ደርቋል። የሚያየው ሶሊን አይደለም፣ መጋረጃውን ነው። ቀስ ብሎ ዓይኑ ፈልጎ አገኘኝ።

በዕረፍቱ መጣ።

«ጻድቃን?» አለኝ።

«ጂምናስቲክ?» አልኩት።

ሶሊ እየሮጠች መጥታ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። «ኦፓ፣ ዋር ኢሽ ጉት?» አያቴ፣ ጎበዝ ነበርኩ? ማለቷ ነው።

«በጣም ጎበዝ ነበርሽ የኔ ልጅ» አላት። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «እናቷ ናት ያስመዘገበቻት። እኔ ላስቆማት ነበር... ግን ስትወዛወዝ ያላት ደስታ... ኮሚቴው ቢሰማ ዘርፌ?» አለኝ።

የሊቀ መንበር ፊት አይደለም። የአያት ፊት ነው፣ የፈራ። አሳዘነኝ።

«ኬለሬ ውሃ ገብቶበታል» አልኩት። «ጻድቃኑ ተበላሹ።»

ካሜራውን አጠፋ። «በጣም ያሳዝናል» አለ። «ለሕዝቡ እነግራለሁ።»

ወዲያው ሺቫካሚን አስተዋወቅሁት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 22

በዚያ የክሪሽና ወዳጅ ጦረኛ መሳቄ ስህተት ነበር። ያን ሁሉ ፊት ያየ ሰው የሚያውቀውን አንድ ፊት ቢለምን ምን ይፈረድበታል? እኔም ዛሬ ያንኑ ለመንኩ። ብሩሹን አነሳሁ፣ ማርያምም መጣች። ሳልጠርግ፣ ሳልደግም።

ራቅ ብዬ ሳያት... ይህን ግንባር አውቀዋለሁ። ይህን ዓይንም። ምስር ይዛ የመጣች ዕለት እንዲህ ነበር ያየችኝ።

ልጥረገው? አልጠርገውም።

እሑድ፣ ግንቦት 5

ልደታን ለእሑድ አዙረን ዛሬ አከበርን። ማርያም ተሰቀለች።

ገናናው ተነሥቶ «ይህን የሣለችው ዘርፈሽዋል ናት» አለ። ልክ እንደዚያ፣ ቃል በቃል። እልልታው ቀለጠ። እንባዬ መጣ፣ አባባ ይህን ቢሰማ አልኩ። አጠገቤ ያለችው ሮማነወርቅ «ቁርጥ የጎንደር ሴት!» ስትል ግን ሳቄ መጣና አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ሺቫካሚ ያዋስኳትን ነጠላ ለብሳ ከኋላ ቆማለች። ገናናው ማርያምን አየ። ዞሮ ከኋላ ያለችውን አየ። ደግሞ ማርያምን አየ። ሄደች በቃ፣ አወረዷት አልኩ።

ወደ እኔ ዞረ። በሁለት ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ፣ እንደ ጻድቅ።  ከዚያ ማንም ሳያየው አንዱን ጨፈነ።

እኔም አንዱን ጨፈንኩ።