ከትሬቨር ስለለያዩኝ ላመሰግንዎ

ለተከበሩ የብድር ታሪክ መዛግብት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ (ዛሬም አብረውዎት ካሉ) እንዲሁም የሰውን ሁሉ ዕዳ በየስሙ ሲጽፉ ለሚውሉት ሠራተኞችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ከተማችን ባርንስሊም እንደወትሮዋ ዝናብ ላይ ናት።

«ከአቶ ትሬቨር ኦልድሮይድ ጋር የነበረዎት የገንዘብ ትስስር ተቋርጧል» የሚለው አጭርና ግልጽ ደብዳቤዎ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደርሶኛል። ፍርድ ቤት ካፋታን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። ሰፈሩም፣ ቄሱም፣ የትሬቨር እህትም ፍቺውን ወዲያው ተቀብለውታል፤ እህቱማ ለገና ካርድ እንኳ ሁለት መላክ ጀምራለች፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለትሬቨርና ለአዲሲቱ ወዳጁ። እርስዎ ብቻ አልተቀበሉትም ነበር። ያልተዘጋ የጋራ የባንክ ሂሳብ ስለነበረን፣ በመዝገብዎ ውስጥ ስሜ ከስሙ ጎን ተቀምጦ ቆየ። በዚህ ዓለም ላይ እኔንና ትሬቨርን አንድ ላይ የሚያይ የቀረ ቢኖር የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነበርና፣ በጊዜው አለማመስገኔ ይቆጨኛል። አሁን ግን ያሉኝን ጥቂት ቅሬታዎች እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ክፍያው። ትሬቨር ከቤት ከመውጣቱ ጥቂት ወራት በፊት አዲስ ኩሽና አሠርተን፣ ወጪውን ለሁለት ዓመት ተኩል ወለድ በማይታሰብበት የብድር ካርድ ላይ አድርጎት ነበር። ካርዱ በእርሱ ስም ነው። የወጣ ቀን ሻንጣውን ደፉ ላይ አቁሞ «ኩሽናው ከአንቺ ጋር ስለሚቀር፣ ዕዳውም እዚሁ ከኩሽናው ጋር ይቅር ቤቭ» አለኝ፤ ተስማማሁ። ካርዱ በወር ከሃያ አምስት ፓውንድ የማያንስ ይከፈለኝ ይላል። አባቴ ካወረሰኝ ላይ ዕዳውን በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ገንዘብ ነበረኝ፤ አልዘጋሁትም። በየወሩ መጀመሪያ በጋራ ሂሳባችን በኩል ሃያ አምስቷን ብቻ እልካለሁ፤ ትሬቨርም በማግስቱ በስልኩ «ገብቷል ቤቭ፣ በርቺ» ብሎ ይጽፍልኛል። አንድ ጊዜማ «ጉልበትሽ እንዴት ሆነ?» የሚል ጨምሮበታል። ትንሿን ክፍያ ብቻ የሚከፍል ሰው ዕዳው ቶሎ አያልቅለትም እያሉ የገንዘብ አዋቂዎች በየጋዜጣው ያስጠነቅቃሉ፤ እኔም የፈለግሁት እንዳያልቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ማዕረጉ። ካርዱ በትሬቨር ስም ስለሆነ፣ አንድም ወር ሳላዘገይ የከፈልሁት ሁሉ በመዝገብዎ ውስጥ የትሬቨር መልካም ጠባይ ሆኖ ተጽፏል። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በቀኑ መልሶ የማያውቀውን፣ የመኪናውን ቅጣት ከሶፋ ሥር ሲደብቅ የኖረውን ሰው፣ እርስዎ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ሾመውታል። በዚህ ሹመት ተመርኩዞ የቤት መግዣ ብድር ጠየቀ። ቤቱ ሦስት መኝታ ክፍልና የመስታወት በረንዳ ያለው ሲሆን፣ አብራው የምትገባው ካርሊ ናት። ካርሊ የውሾች ፀጉር የምታስተካክል፣ ከእኔ በአሥራ ስምንት ዓመት የምታንስ፣ ጉልበቷንም ምንም የማያማት ሴት ናት። እኔ አርሼ፣ እኔ ዘርቼ፣ እኔ አርሜ፣ ምርቱ እሷ ጎተራ ገባ ማለት ነው። በረንዳውን በአውቶቡስ ሳልፍ አየሁት። ቀናሁ። ጨዋ ቃል ብፈልግለት አጣሁ፤ ቀናሁ፣ አንጀቴ አረረ፤ በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ፣ በታመመ ጉልበቴ ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና አየሁት።

ሦስተኛ፣ ስለ ካርሊ አመጣጥ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ አንድ እሑድ ጥብሴን ከምድጃ ሳወጣ በሬ ተንኳኳ። ለካስ ባንኩ ብድሩን ከመፍቀዱ በፊት ከትሬቨር ስም ጋር የታሰረውን የእኔንም መዝገብ አስቀርቦ፣ በሕይወቷ በስሟ ተበድራ የማታውቅ ሴት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች በምን እናውቃለን ብሎ ኖሯል። ካርሊም የካርዱን ቀሪ ዕዳ ከኪሷ ጥርግ አድርጋ ከፍላ፣ ስማችን እንዲለያይ የጋራ ሂሳባችን የሚዘጋበትን ወረቀት ከነስክሪብቶው ይዛልኝ መጥታለች።

«ስሚኝ ቤቭ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከአዲሱ ኩሽናዬ ሳትነቅል፣ «ወለድ ለሌለው ዕዳ ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት ስትወረውሪ ምስኪን፣ አቅም አጥታ ነው ብዬ አዝኜልሽ ነበር። ሞኟስ እኔ! የአባትሽ ውርስ እያለሽ ሰውዬዬን በወር በሃያ አምስት ፓውንድ ተከራይተሽው ኖሯል እኮ!»

«ለእሱማ ተወዶብኛል» ብያት ፈረምሁ። ዋሽቼ ነው፤ ሃምሳ ቢሉኝም እከፍል ነበር።

የእርስዎን ደብዳቤ እንዳገኘሁ ለመሥሪያ ቤትዎ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ወጣት እጅግ ትሑት ነበር፤ እናቱ ልትኮራበት ይገባል። «መዝገብዎ መጥፎ አይደለም እመቤቴ፤ ከተዘጋው የጋራ ሂሳብ በቀር ምንም የለበትም ነው እንጂ» አለኝ። በትሬቨር መዝገብ ላይ ክፍያዎቹ የእኔ እንደነበሩ በአንድ መስመር ይጻፍልኝ ብዬ ብለምነው፣ «ማብራሪያ መጻፍ የሚችሉት በራስዎ መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ እስከ ሁለት መቶ ቃል ድረስ ይፈቀድልዎታል» ሲል መለሰልኝ። ምንም ለሌለበት መዝገብ ሁለት መቶ ቃል መፍቀድዎ የቸርነትዎን ስፋት ያሳያል።

ለእኔ ከምትጽፊ ለትሬቨር አትጽፊለትም ወይ ቢሉኝ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መሆኑን አልክድም። ዕዳው ከተዘጋ ወዲህ እርሱም ለእኔ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም። ወሩ ሲገባ እንደለመድሁት ሃያ አምስቷን ልኬ ነበር፤ ሂሳቡ ስለሌለ ተመለሰችልኝ። በማግስቱም ቀኑን ሙሉ ስልኬን ከአጠገቤ አልለየሁትም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የተቋረጠው እንዲቀጠል አልጠይቅም። ወደፊት ለሌላ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲልኩ ግን፣ ከግርጌው «ለተጨማሪ መረጃ በነጻ ይደውሉ» የሚለውን ቢያስቀሩት መልካም ነው፤ ሰው ይደውላልና።

ሁለት ሰዎችን በአንድ መስመር ጽሕፈት መለየት ለሚችለው ሥልጣንዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ረጅም ዕድሜና እንከን የሌለው የብድር ታሪክ የምመኝልዎ፣

ቤቨርሊ ኦልድሮይድ
(የባሏን ስም ገና ያልመለሰች)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትሑቱ ወጣት ስልኩን ሳይዘጋ እንዳጫወተኝ፣ የተዘጋ ካርድ ታሪክ ከመዝገብ የሚፋቀው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ማንም ባንክ «ትሬቨር የሚታመን ሰው ነውን?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር፣ «አዎን» ብዬ የምመልሰው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የእኔ ይፋቅና ትሬቨር በገዛ ጠባዩ ብቻ ይቀራል፤ ያኔ ከስሙ ጋር ታስሮ የሚገኘውም የካርሊ ስም ነው። እባክዎን አስቀድመው እንዳይነግሯት።