በጥፍር ቀለምሽ የተሰመሩ ቡሎኖች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን
ከጋራዡ፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት እንዳስቸገረሽ እህትሽ በስልክ ስትነግረኝ ሆዴ ባባ። ያንን ቅባት በየቀኑ ተቀቢው፤ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽበት እንደምትረሺው አውቅሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያችን ክረምቱን ችሎታል፣ በማድቤቱ ጥግ በኩል ብቻ ትንሽ ያንጠባጥባል። ድስት ደቅኜበታለሁ። የትኛውን ድስት እንደሆነ አልነግርሽም፣ ትጮሂብኛለሽ።

እህትሽ ዘንድ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ አንድ ደብዳቤ እንኳን አልጻፍኩልሽም። ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ የተቀመጥኩት ወሬ ስላለኝ ነው። ጣውንትሽ ተነሳች።

አዎ፣ ያቺው አሮጌ የጦር መኪና። ከጦር ሰፈር በጨረታ ወጥታ ግቢያችን ከገባችበት ቀን ጀምሮ ጣውንቴ ያልሻት። "እኔ ዘንድ ለራት፣ እሷ ሥር ቀኑን ሙሉ!" እያልሽ የተቆጣሽባት። ሦስት ዓመት ሸራ ለብሳ ከቆመች በኋላ አሁን ቁልፉን አንዴ ስታዞሪው ትነሳለች። ቅዳሜ ከዚህ ግቢ ትወጣለች። ወዴት እንደምትሄድ ልንገርሽ።

በሰኔ አንዲት አዋላጅ ነርስ ሞተር ብስክሌቷን ልታሠራ መጣች። የምትሠራው ከእናንተ ከተማ ወዲያ፣ ተራራው ላይ ባለች ጤና ጣቢያ ነው። እኔ ሰንሰለቷን ሳጠብቅ እሷ ሸራውን ገልጣ፣ ጎንበስ ብላ መኪናዋን ከሥር ታያለች።

"ጋሼ፣ ይቺ ዳገት ትወጣለች?" አለችኝ።

"ግድግዳም ትወጣለች። ግን አትሸጥም" አልኳት።

አልተቆጣችም። ባለፈው ወር አንዲት ምጥ የያዛትን ሴት በር ነቅለው፣ በሩ ላይ አስተኝተው፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሸክመው እንዳወረዷት ነገረችኝ። እናቲቱ ተርፋለች፣ ልጁ አልተረፈም። ይህን ብላ ብስክሌቷን አስነስታ ሄደች።  በሳምንቱ ደውዬ "ነይ፣ የምትሸጥ አይደለችም፣ ዝም ብለሽ ትወስጃታለሽ" አልኳት።

የጦር መኪናን የምጥ መኪና ማድረግ እንዲህ ቀላል እንዳይመስልሽ። ባትላሜራው ጓደኛዬ መጥቶ የዛገውን ወለል ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ቀየረው። "አንተም ብትተኛልኝ ወገብህን በዚሁ መዶሻ አቃናልህ ነበር" ይለኛል፣ ምላሱ እንዳለ ነው። ወታደር የሚቀመጥባቸው አግዳሚዎች ወጥተው አልጋ ገባ። መትረየስ ይቆምበት የነበረው ብረት ላይ የጉሉኮስ መስቀያ በየድኩበት። ለሁሉም ወንበር ቀበቶ፣ አዳዲስ መብራት፣ ለክትባት ማቀዝቀዣ የሚሆን የኤሌክትሪክ መስመር ገባላት። አረንጓዴው ቀለም ተፍቆ ነጭ ሆናለች፣ ብታያት አታውቂያትም። አዲሱን መጨመር አልከበደኝም። የከበደኝ አሮጌውን መፍታት ነው።

ምክንያቱ ልጃችን ዳዶ ነው። በሦስት ዓመቱ ከመሣሪያ ሳጥኔ የቡሎን ዳዶ አንስቶ ውጦ፣ ሁለት ቀን ፖፖው ሥር ተንበርክከን የጠበቅነውን አስታወስሽ? ያወጣንለት ስም ተረስቶ ዳዶ ሆኖ ቀረ። ያ ልጅ አንድ ቡሎን አጥብቆ ሲጨርስ ያንቺን ቀይ የጥፍር ቀለም ከቡሎኑ ራስ እስከ ብረቱ ድረስ በቀጭኑ ያሰምርበታል። ቡሎኑ ከላላ መስመሩ ስለሚሰበር፣ ቁልፍ ሳታነሺ በዓይን ብቻ ይታወቃል። እኔ አላስተማርኩትም፣ ከራሱ ያመጣው ነው። አንቺ ደግሞ "የእኔ ጥፍር ራቁቱን፣ ቡሎኑ ሙሽራ!" እያልሽ በመጥረጊያ ስታሳድጂው ጎረቤት ሁሉ ይስቅ ነበር። ሸራውን ስገልጥ መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው። መቶ ስደርስ መቁጠር አቆምኩ። አንዱም አልተሰበረም።

የሞተሩንና የመሪውን እንደምንም ፈታሁ። እየፈታሁ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። የኋላ ፍሬኑን ግን "ደህና ነው፣ እሱ አጥብቆታል" ብዬ አለፍኩት። ግማሹን በጦር ሰፈር ጋራዥ፣ ግማሹን እዚህ፣ አርባ ዓመት በዚህ ሙያ የኖርኩ ሰው ሦስት ዓመት የቆመ ፍሬን ሳልፈታ አለፍኩ። ሌላ መካኒክ እንዲህ ቢያደርግ ጆሮውን ይዤ አስወጣው ነበር።

ባለፈው ረቡዕ አዋላጇን አሳፍሬ ለሙከራ ወጣን። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት ምንም ሳይመስላት ወጣችው። ስንወርድ ፔዳሉ ወለል ነካ። ደግሜ ረገጥኩት፣ ባዶ ነው። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ቤት የሚሠሩ ሰዎች የከመሩት አሸዋ ውስጥ ሰካኋት። ማንም አልተጎዳም፣ የአዋላጇ መነጽር ብቻ ወደቀ። አንስታ አሸዋውን በቀሚሷ ጠረገችና አየችኝ።

"ጋሼ፣ የኋላውን ፈተውታል?"

 ስለ ልጃችን ባትላሜራው ነግሯት ኖሯል።

"ሐዘንዎ ይገባኛል" አለችኝ። "ግን እኔ የምጭነው ነፍሰ ጡር ነው። መታሰቢያ ከሆነች እዚሁ ግቢዎ ትቁም። መኪና ከሆነች ግን ይፍቷት።"

ካንቺ ሌላ እንዲህ የተናገረኝ ሰው የለም። በማግስቱ የግራውን የኋላ ጎማ አውልቄ የመጀመሪያውን መስመር ሰበርኩ። ውስጥ ያለው የፍሬን ጎሚኒ ደርቆ ተሰንጥቋል። ልጃችን አላጠፋም፣ በደንብ አድርጎ ነው የገጠመው። ያደረቀው የቆመችበት ጊዜ ነው። ይህን እወቂልኝ።

አሁን ስሸሸው ወደነበረው ነገር ልግባ። ፍሬኑን ያልፈታሁት ስለ ቀለሙ ብቻ አልነበረም። ያን ጠዋት ዳዶን ወደ ወታደር ማሠልጠኛው ያደረስኩት በዚችው መኪና ነው። ስመለስ "እየሳቀ ገባ" አልኩሽ። አንቺም "እየሳቀ ከገባ እኔ ምን እላለሁ" አልሽኝ። ውሸቴን ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ አልወረደም። መሬት መሬት እያየ "አባዬ፣ እናዙራት እንዴ?" አለኝ። የቀልድ አስመስሎ ነው ያለው፣ ግን ወደ እኔ አልዞረም። ማዞሪያው ቦታ ሰፊ ነበር። እኔ ግን "ሰው ምን ይለናል? የወታደር ልጅ ከበር ይመለሳል? ውረድ!" አልኩት። ወረደ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ "የኋላ ፍሬኑን እኔ አጥብቄዋለሁ፣ እንዳትነካው" አለኝና ሄደ። በስድስተኛው ወር መሞቱን የምትናገር ያቺ ባለ ሁለት መስመር ወረቀት መጣች።

"እዚህ ቤት የሚያናግረኝ ሰው የለም" ብለሽ ሻንጣሽን ስታነሺ እውነትሽን ነበር። አፌን ከከፈትኩ ይህ ይወጣል ብዬ ፈርቼ ነው የዘጋሁት። መሪው በእጄ ነበር። ማዞር እየቻልኩ አላዞርኩም። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ግን ይህን ሳታውቂ መኪናዋ በደጅሽ እንድታልፍ አልፈለግሁም።

ደብዳቤውን ነገ ለአውቶቡሱ ሹፌር እሰጠዋለሁ፣ ዓርብ ይደርስሻል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዋላጇ ስታልፍ የእህትሽ በር ላይ ለአፍታ ትቆማለች። የሰበርኳቸውን መስመሮች ሁሉ በአዲስ ቀለም መልሼ አስምሬያለሁ። ያንቺ ጠርሙስ መስታወቱ ፊት እንደተውሽው አለ፣ ግን ባዶ ነው፣ ሥሩ ላይ የቀረችውም ደርቃለች። አዲስ ልገዛ ስሄድ ሻጯ "ለማን ነው አባባ?" አለችኝ። "ለሚስቴ" አልኳት። አሥራ አንድ ዓይነት ቀይ ደረደረችልኝ። ያንቺን ሳልጠጋ ለየሁት።

አንድ ቡሎን ብቻ ላንቺ ብዬ ሳላሰምርበት ትቻለሁ። የኋላውን በር ስትከፍቺ በግራ በኩል፣ በአልጋው ራስጌ ያለው ነው። መንበርከክ አያስፈልግሽም፣ ጉልበትሽን አስቤ ነው የመረጥኩት። ባታሰምሪበትም አይላላም፣ አጥብቄዋለሁ።

ነይ አልልሽም። የቤቱ ቁልፍ ግን የድሮው ቦታ ነው። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የእህትሽን ቤት በሰላም ይሙላው፣ በዚያች አልጋ ላይ የሚተኙትንም እናቶች ከነልጆቻቸው ያውርዳቸው።

የዳዶ አባት

ይህን ሳልጽፍ ላሽገው ነበር። አዲሱ ቀለም መኪናዋ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን ባለው ኪስ ነው። ከእኔ እንዳይመስልሽ። ያን ጠዋት በሩን አልፎ ከገባ በኋላ ዞር ብሎ "አባዬ፣ የእማዬን ቀለም ጨርሼባታለሁ! አዲስ እገዛላታለሁ በላት!" ብሎ ጮኾ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልነግርሽ ቆየሁ።