የማቡኪያው አረንጓዴ ወረቀት

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ
ዛሬም የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ነዘረኝ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ። ጥፋቱ የኔው… ቦት ጫማው ጥሩአየሁ እግር ላይ ነበር፣ እኔ በነጠላ ጫማ ሆኜ ነካሁት። ለሁለት ሴት አንድ የጎማ ቦት! ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት። እኔን ይጠበኛል፣ እሷን ይሰፋታል። ማሽኑ ላይ ያለችው ትልበስ ተባብለን ይኸው ሦስት ዓመት ኖርን።
ጥሩአየሁ መቼም ሳቋ አያልቅም።
"ይርጌ፣ ጠበል እንርጨው እንዴ?"
"ውሃ ረጭተሽበት ጭራሽ ሊያብድብን?"
ሳቅን። ሌላ ምን እናድርግ። የሞጣ ሰው ጠዋት ዳቦ ይፈልጋል።

ጥቅምት 9
ሙጀሂድን ለምኜ አመጣሁት። የሰፈሩን መብራት ሁሉ የሚሠራ እሱ ነው። ያችን እጀታዋ ላይ መብራት ያላት ካቻቢቴ አውጥቶ የማሽኑን ብረት ነካ አደረገ። ቦግ! ቀይ።
"እትዬ ይርጋነሽ፣ ይሄ ግራውንድ የለውም። ገመዱም ውስጥ ለውስጥ ተልጧል። መሬት ድረስ የሚወርድ ሽቦ ካልተሠራለት አንድ ቀን ሰው ይዞ ያስቀራል።"
ጋሼ አካለ ወልድ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ቆመው ሰሙ።
"አንተ ማኅተም አለህ?"
"ማኅተም የለኝም ጋሼ፣ ዓይን አለኝ።"
"እንግዲያው በዓመት አንዴ የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሏል። እሱ ያለውን እናደርጋለን።"
ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ልጄ የታመመ ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረሱልኝ እሳቸው ናቸው። ብቻ ማኅተም የሌለበት ነገር አይታያቸውም… ምን ይደረጋል።

ጥቅምት 24
ተቆጣጣሪው የለም።

ኅዳር 2
መጣ! መብራት ደግሞ ጠፋ። ከንጋት ጀምሮ የለም፣ ሊጡን በእጃችን ስናቦካ ነው የደረሰው። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ቅጹ በክላሰር። እሱም እንደ ሙጀሂድ ካቻቢቴ አለው፣ አዲስ ነው። ነካው። አልበራም። እንዴት ይበራል?
"ጌታዬ፣ መብራት እኮ የለም" አልኩ።
"አውቃለሁ እናቴ። ግን ለአሥራ አራት ቤት የተሰጠኝ ሁለት ቀን ነው።"
"ነገ ይምጡልን።"
"ነገ ቢቸና ነኝ።"
"እንግዲያው እኔ ልንገርዎት፣ ይነዝራል። ይጻፉልኝ።"
ቅጹን ገልብጦ አየ። አዘነም መሰለኝ።
"የሠራተኛ ቃል የሚጻፍበት ቦታ የለውም።"
አረንጓዴ ወረቀት ማሽኑ ላይ ለጠፈ። "ተፈትሿል" ይላል፣ ማኅተም አለው። ጋሼ ፈገግ አሉ። እኔ ሊጤን ማሸት ቀጠልኩ…

ኅዳር 3
መብራት መጣ። ማቡኪያው እንደ ድሮው ነው። ወረቀቱ ያምራል።

ኅዳር 8
ከጥሩአየሁ ጋር ተጣላን። ቦቱን መልበስ ተወች!
"ተፈትሿል እኮ። ማኅተሙን ለጌጥ ነው የለጠፉት? እግሬን ደግሞ አላበኝ።"
"አንቺ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!"
"በይ አንቺ ልበሽው፣ ሙሽራዬ።"
ስቃ ሄደች። እኔም ተናድጄ ለበስኩት። በሷ ላይ መናደድ ምን ያደርጋል? ስታነብ ያመነችውን እንዴት አድርጌ ላስክዳት…

ኅዳር 14
መብራት ሄዶ ነበር። ማብሪያውን ማንም አላጠፋውም። ጥሩአየሁ የተረፈውን ሊጥ በእርጥብ እጇ ከማሽኑ ትጠርጋለች። ወለሉ ውሃ። እኔ ቦቱን እንዳደረግሁ ለእንጨት ወደ ጓሮ ወጣሁ… ጭቃ ነበራ። ለጭቃ ብዬ!
መብራት መጣ። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ስገባ እጇ ብረቱ ላይ ተጣብቋል፣ ዓይኗ እኔን ያያል። ዳቦ የምናወጣበትን ረጅም እንጨት አንስቼ ደረቷን ገፋሁት። ወደቀች።
ትተነፍሳለች። ሆስፒታል ናት።
ቦቱ ግን እኔ እግር ላይ ነበር።

ኅዳር 19
ሄጄ አየኋት። የቀኝ እጇ ጣቶች አይታጠፉም።
"ይርጌ፣ ደረቴን እንዲህ የምትገፊኝ ምን በድዬሽ ነው?" አለችኝና ልትስቅ ሞከረች።
ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ኅዳር 26
ተቆጣጣሪው ተመለሰ። መብራት ነበር። ካቻቢቴው ቦግ አለ፣ ያው ቀይ። "እዚህ ቤት እንዳይሠራ" ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ሲወጣ አጠገቤ ቆም አለ።
"ነግረውኝ ነበር…"
ነግሬው ነበር።
አረንጓዴውን ወረቀት ግን ሳያነሣ ሄደ። ረስቶት ይሆናል።

ታኅሣሥ 3
አዲስ ማቡኪያ መጣ። ሙጀሂድ ሽቦውን መሬት ቆፍሮ ቀበረለት። አይነዝርም። ሁለቴ ነካሁት፣ ሦስተኛም ነካሁት። ብቻዬን ነው የማቦካው። ጥሩአየሁ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ መጣች፣ በግራ እጇ ተቀበለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት የጋገረችውን ዳቦ… ገዝታ ሄደች።
አሮጌውን ግንደወይን ከተማ ላይ ዳቦ ቤት የሚከፍት ሰው ገዛው። ከሰዓት በኋላ አይሱዙ መኪና መጥቶ ጫኑት።
"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰው ይገድላል!"
"ደብዳቤው እዚህ ቤት እንዳይሠራ ነው የሚለው፣ ይርጋነሽ።"
ገዢውን ለመንኩት። "እናቴ፣ ወረቀት አለው" አለኝ፣ በጣቱ እያሳየ። ዘልዬ በጥፍሬ ልልጠው ሞከርኩ። ጫፉ ብቻ ተቀደደ፣ ማኅተሙ ቀረ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋብኝ።
ሮጬ ገብቼ ቦቱን አመጣሁ። በገመድ ከማሽኑ እጀታ ጋር ቋጠርኩት፣ ሦስት ቋጠሮ።
እዚያ የምታቦካዋን ሴት አላውቃትም። ስሟንም አልሰማሁም። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ነው… ልኳ ይሁን።