«ተጋላጭ» ስለተባለችው ልጄና ስለ መጋዘንዎ ግንብ

ለተከበሩ የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ፀሐይ የሚገባው፣ መስኮቱም የሚከፈት በመሆኑ ደህና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። ይህንኑ ያዝልቅልዎ።

ባለፈው ክረምት ባለሙያዎን ወደ ግቢያችን ልከው ስለ ሳንባ በሽታ ስላስተማሩን ከልብ አመሰግናለሁ። ባለሙያው ልጄን ከደጃፍ ሆኖ አይቷት «አንቺ ተጋላጭ ነሽ» አላትና ሄደ። ክፍላችን ጠባብ ስለሆነ አልገባም ብለን አልተቀየምነውም።

ልጄ ግን ቃሉን እንደሰማችው ወሰደችው። «አባባ፣ ሰውየው ተገልጠሻል አለኝ እኮ፤ ለካ ብርዱ ነው የጨረሰኝ!» ብላ የበሩን ስንጥቅና ከጣሪያው ሥር የነበረችውን ቀዳዳ በአሮጌ ቀሚሷ ጠቀጠቀችው። አየር የሚገባልን በዚያ ብቻ ነበር። ከዜጎችዎ መካከል ትእዛዝዎን እንደ እሷ የፈጸመ አይገኝም። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳችን በሆስፒታል ያገኘናት ነርስ ናት፤ ያኔ ልጄ መስማት ትታ ነበር። ቀሚሱን ከቀዳዳው ያወጣሁት ከቀብሯ ስመለስ ነው።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ሰምቻለሁና።

፩ኛ. መስኮት ክፈቱ ተብለናል። የመድኃኒት መጋዘንዎ ግንብ መስኮታችን ላይ ተለጥፎ ስለተሠራ መዝጊያው አይነቃነቅም። ልጄ ከመድኃኒቱ አጠገብ፣ ግንብ ብቻ ለይቷት ለሞት መድረሷን እንደ መልካም ጉርብትና ቆጥሬዋለሁ።

፪ኛ. ዕረፍት አድርጊ ተብላለች። ልጄ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ማታ ቅንድቧ ጥጥ ለብሶ ከእኔ ከአባቷ በላይ አርጅታ ትገባ ነበር። አለቃዋ «ያመመሽ ቀን ቤትሽ ቅሪ፤ ከዚያ በኋላም እዚያው ቅሪ» ይላት ነበር። እስቲ ለእሱም ባለሙያ ይላኩለት።

፫ኛ. «ተጋላጭ ስለነበረች ሞተች» ተብሎ ተነገረኝ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው። ቢሆንም ተጋላጭ ካለ አጋላጭ እንዳለ አውቃለሁ። ከተኛ ሰው ላይ ብርድ ልብስ በራሱ ፈቃድ አይነሳም፤ የሚገፈው እጅ አለ። ልጄ ስትወለድ ጩኸቷ ሰፈሩን ቀስቅሷል። ያንን ሳንባ ይዛ የመጣችን ልጅ ተጋላጭ አድርጎ የፈጠራት እግዜር ነው ቢሉኝ አልቀበልም፤ በእሱ አያላክኩ።

አሁን ልጄ ታማ በተኛችበት አልጋ ላይ የምትተኛው የእሷ ልጅ ናት። ከሰሞኑ መሳል ጀምራለች። ካሳ አልጠይቅም፤ የሞተችውንም ይመልሱልኝ አልልም። ከግንቡ ላይ የመስኮታችንን ያህል እንዲያፈርሱልኝ ብቻ ነው የምለምነው።

ትምህርትዎን የማልረሳ፣ ሲጠሩኝ የማልቀር፣ ሲያባርሩኝ የማልሄድ፣
አክባሪዎ፣ የሟች አባት

ማሳሰቢያ፦ እስከ ሰኞ መልስ ካላገኘሁ ግንቡን እኔው በዲጂኖ እጀምረዋለሁ። ሊይዙኝ ሰዎች እንደሚልኩ አውቃለሁ፤ ሲመጡ ከደጃፍ እንዳይቀሩ፣ ወደ ውስጥ እንዲዘልቁ ይንገሩልኝ። በሩን ደግሞ ከኋላቸው እንዳይዘጉት አደራ፤ እኔን አስረው እስኪወጡ ድረስ ልጅቷ ትንሽ አየር ታገኛለች።