ፊቴ እህቴ ጋ ቀረ

ሰኞ፣ ኅዳር 22

«እናትሽን ለምኚልኝ፣ ትንሽ ትቀንስልኝ» አለቻት ጥሩነሽን፣ ቀሚስ ልትገዛ የመጣች ሴት።

እናትሽ ያለችው እኔን ነው። እኔንና ጥሩነሽን የሚለየን ሃያ ደቂቃ ነው። መንታ ነን፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመታችን። ጥሩነሽ ሳቅ ብላ «እህቴ ናት» አለቻት። መንታዬ ናት አላለችም። አልፈረድኩባትም፤ ብትል ማን ያምናታል?

ሽሮ ሜዳ ሱቁን ስንከፍት አንዳችን ተለክተን የሁለታችን ቀሚስ ይሰፋ ነበር። አሁን የእሷ ቀሚስ ከትከሻዬ አይወርድልኝም። ማበጥ ከጀመርኩ ዓመት ከምናምን ሆነኝ። ፊቴ ክብ ሆነ። ሆዴ ገፋ። ከማጅራቴ በታች ሥጋ ተቆለለ። እጅና እግሬ ግን ከድሮውም ቀጥነዋል።

ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ ከዚያም ግማሽ እንጀራ። ጥሩነሽ አንድ ሳህን ፓስታ ጨርሳ የእኔን ትራፊ ታነሳለች። ወገቧ ያው ነው።

ሰፈር ውስጥ «ተመችቶሻል» ይሉኛል። አንዷማ «ብዙነሽ፣ እንደ ስምሽ በዛሽ እኮ!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ታምራት መጣ። የጥሩነሽ እጮኛ ነው፤ ሠርጋቸው ከጥምቀት በኋላ ነው።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ታምራት መጀመሪያ ያናገረው እኔን ነበር። ለእናቱ ጋቢ ሊገዛ መጥቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆመን አወራን። ሲሄድ «እመለሳለሁ» አለኝ። ለሥራ ክፍለ ሀገር ወርዶ ከወራት በኋላ ሲመለስ እኔ አብጫለሁ። ቀጥ ብሎ ወደ ጥሩነሽ ሄደና «ጋቢውን እናቴ ወደደችው» አላት። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ነጠላ እያጠፍኩ ነበር። አፌን አልከፈትኩም። ጋቢውን የሸጥኩልህ እኔ ነኝ ብለው ያዝንልኛል ብዬ ፈራሁ።

የእኔን ፊት ፈልጎ መጣ፤ ፊቴ እሷ ጋ ነበር።

ዛሬ የምስር ሳምቡሳ ይዞልን መጣ። እሷ አራት በላች። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩባት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ምናለ እሷም እንደኔ ባበጠች ብዬ ተመኘሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

የሚዜ ቀሚሴ ልኬት ነበር። ጥሩነሽ ሜትሩን ይዛ ሸሚዜን ገለጥ ስታደርግ ክው አለች። ሆዴ ላይ ያሉትን መስመሮች አየች፤ ጣት የሚያህሉ፣ እንደ ቀይ ሥር የቀሉ ናቸው። እኔ ደግሞ ወልጄ አላውቅም። ክንዴም በልዟል።

«ማነው የመታሽ?»

«ማንም። የሱቁ በር ነካ ካደረገኝ ይበልዛል።»

«የወር አበባሽስ?»

ሸሚዜን መልሼ አወረድኩ። ካየሁ ስድስት ወሬ ነው።

«ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«ሄጄ የለ እንዴ! ግፊት አለሽ፣ ምግብ ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ አሉኝ። ቀነስኩ። እንጦጦን ስንቴ ወጣሁት? ምን ለውጥ መጣ?»

«ያኔ ብቻሽን ነው የሄድሽው» አለች።

ተናደድኩ። ቆንጆነቱ አልበቃ ብሏት ደግሞ ደግ መሆን አማራት።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ጳውሎስ አካባቢ ያለ ክሊኒክ ሄድን። ጥሩነሽን ውጪ ጠብቂኝ ብዬ ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ግፊቴን ለካች፤ ከፍ ብሏል። ስኳርም አለ። ያንኑ ስለ ምግብ ልትነግረኝ ስትጀምር ጥሩነሽ በሩን ከፈት አድርጋ «ስልክሽን እኔ ጋ ረሳሽው» አለች።

ሐኪሟ ቀና አለች። «እህትሽ ናት?»

«መንታዎች ነን» አለች ጥሩነሽ።

«ትመሳሰሉ ነበር?»

«እናታችን እንኳ ትሳሳት ነበር።» የድሮ ፎቷችንን ከስልኩ አውጥታ ሰጠቻት።

ሐኪሟ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ጥሩነሽን አየች። ከዚያ ጎን ለጎን አቆመችን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቁጢጥ ብዬ በእጄ ሳልደገፍ እንድነሳ አዘዘችኝ። አቃተኝ። ጥሩነሽ ሳትጠየቅ ሞክራው ብድግ አለች።

ሐኪሟ ክኒን ትወስጃለሽ ወይ፣ ቅባት ትቀቢያለሽ ወይ፣ መርፌ ተወግተሻል ወይ አለችኝ። የለም።

እንዲህ አለችኝ፣ እንዳልረሳው ልጻፈው፦ «ከኩላሊቶችሽ በላይ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰው ሲደነግጥ ወይ ሲጨነቅ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን በብዛት ያመነጫሉ። ደም ውስጥ ስኳር ይጨምራል፤ ለመሮጥ፣ ለመታገል ያዘጋጃል። ከዚያ መውረድ አለበት። ያንቺ የሚወርድ አይመስለኝም። ሰውነትሽ ቀን ከሌት ደንግጦ ነው የሚኖረው። የእጅና የእግርሽን ጡንቻ ያፈርሳል፤ ፊትሽና ሆድሽ ላይ ስብ ያከማቻል። ግፊቱም ስኳሩም ከዚያው ሊሆን ይችላል።»

«ከምበላው አይደለም ማለት ነው?»

«አይመስለኝም። ምርመራው ይንገረን።»

አለቀስኩ። ዓመት ሙሉ በየጉርሻው ራሴን ስሰድብ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ከአፌ አመለጠኝ። «ቅናትስ? እሱም ከሆርሞኑ ነው?»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ቅናቱን ግን እኔ አላውቅልሽም።»

ጥሩነሽ ወለሉን ታይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

የሃያ አራት ሰዓት ሽንት በጀሪካን ሰብስቢ ተባልኩ። ሱቅ ይዤው ገባሁ። ጥሩነሽ በነጠላ ጠቀለለችው። አንዲት ደንበኛ «ጠላ ነው?» አለች። እስኪያመን ሳቅን።

ሳቁ ሲያልቅ ጥሩነሽ «ቅናት ያልሽው ምንድን ነው?» አለችኝ።

ስለ ጋቢው ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እኔ ጋቢ ሸጬለት አላውቅማ። በዚያው ቀን ገባኝ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ፣ እያልኩ... ወደድኩት።»

እጄ ላይ የነበረውን ሜትር ወረወርኩባት። ጀሪካኔን አንስቼ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ትናንት አልተነጋገርንም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ለየብቻ ቆምን።

ዛሬ ሽንቱን ላደርስ ስወጣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ለታምራት ነገርኩት» አለች። ጀሪካኑን ተቀብላኝ ቀድማኝ ሄደች።

ከሰዓት ታምራት ሱቅ መጣ። ላቡ ፊቱ ላይ ነበር። «ብዙነሽ፣ ይቅርታ። ሳልለይሽ ቀረሁ።»

«እኔም ራሴን አልለየሁትም» አልኩት።

«ከአንቺ ጋር አንድ ሰዓት አወራሁ። ከእሷ ጋር ዓመት። አሁን የማውቃት እሷን ነው።»

እውነት ተናገረ። ዋሽቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሲሄድ መጋረጃው ኋላ ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሁለት ቀሚስ ሸጥኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ኮርቲሶሉ በጣም ከፍ ብሏል። የደሙም ምርመራ ያንኑ አለ። ሲቲ ስካን ታዘዘልኝ። ያልቀናሁበት ሰው የለም ዛሬ፤ ወረፋ ላይ ከፊቴ በነበሩት ሁሉ ቀናሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ከግራ ኩላሊቴ በላይ ባለችው ዕጢ ላይ እብጠት አለ። ትንሽ ነው። መልኩ መጥፎ አይመስልም አለች ሐኪሟ፤ ወጥቶ ሲመረመር ነው በደንብ የሚታወቀው። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ኮርቲሶሉን የሚተካ ክኒን እወስዳለሁ፤ በቀኝ ያለችው ደህናዋ ዕጢ ተኝታ ስለኖረች እስክትነቃ።

«ፊቴስ?»

«ይመለሳል። ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ወራት ይፈጃል።»

ለሠርጉ አይደርስም ማለት ነው።

መንገድ ላይ ጥሩነሽ «ሠርጉን እናራዝመው» አለች። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፦ ስለ እኔ አስባ ስላለች ብቻ አይደለም ደስ ያለኝ፤ ሠርጉ ስለሚቀር ነው። ስለዚህ «አይራዘምም» አልኳት። «ሰፋ አድርገሽ ስፊልኝ፣ በዚህ ፊቴ እቆማለሁ።»

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ሆስፒታል አልጋ ያዝኩ። ነገ ጠዋት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የመታወቂያዬን ፎቶ አየና መጀመሪያ ካርዱን ለጥሩነሽ ሊሰጣት ነበር። እሷ ናት የተናደደችው፤ እኔ ለምጄዋለሁ።

ፈርቻለሁ። ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ የሚቀደደውን ቦታ ጎኔ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገበት። ጥሩነሽ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። እኔ ከአሁን በኋላ ምንም እንዳልቀምስ ተነግሮኛል። ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል።

ቀናሁባት። ግን የዛሬው ብርቱካኗን ብቻ ነው።